የነከስኩት ክር

ልጆቼ፣ ሰው አገር አይቶ ሲመለስ የሚያወራው ሕንፃውን፣ መንገዱን፣ የሰዉን ብዛት ነው። እኔ ያን ትልቅ ከተማ አንድ ቀን ሙሉ ጎብኝቼ መጥቼ፣ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ከንፈሬ ላይ ተጣብቆ የቀረ አንድ ክር ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ጠጋ በሉ፣ ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም።

እንደምታውቁት አርባ ዓመት ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ሴት ነኝ። የልብስ ሰፊዎች ማኅበራችን በዓመት አንዴ አውቶቡስ ተከራይቶ ይዞን ይወጣል። ያን ዓመት የወጣው መርሐ ግብር ጠዋት ሁለት ሙዚየሞች፣ ከዚያ ምሳ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ጨዋታ አዳራሽ ገብቶ ማየት የሚል ነበር። ኳሱን የጨመረው አስጎብኚው ነው። ሴቶቹ አጉረመረሙ፤ በዚህ ጉልበታችን ኳስ ምን ይሠራልናል፣ ይልቅ የጨርቅ ገበያ ይውሰደን አሉ። እኔ ትንፍሽ ሳልል ከሁሉም ቀድሜ ስሜን አስመዘገብኩ። ምክንያቴን በእንግድነት አብራኝ ከምትሄደው ታናሽ እህቴ በቀር ማንም አላወቀም። ከሚጫወቱት ሁለት ቡድኖች በአንዱ ውስጥ ልጄ አለች።

ልጄ መምጣቴን አታውቅም ነበር።

ለምን እንደደበቅኳት እንዲገባችሁ ስድስት ዓመት ወደኋላ ልመልሳችሁ። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ቁመቷ ተመዝዞ ተመዝዞ በር ስትገባ ጎንበስ ማለት ጀምራለች፤ ሰፈሩም መለሎ እያለ ይጠራታል። ለትምህርት ቤቷ ቡድን ተመርጣ የመጀመሪያ ቁምጣዋን ይዛልኝ መጣች። ባየው ከጉልበት አንድ ስንዝር ከፍ ያለ ነው። ሰው ምን ይለናል የሚለው ሐሳብ ሆዴን በላው። ቁጭ አድርጌ ልነግራት እችል ነበር፤ ግን እኔ መናገር አይሆንልኝም፣ እጄ ነው የሚናገርልኝ። ቁምጣው ታጥቦ ከተሰጣበት አወረድኩና፣ ቀለሙን የሚመስል ጨርቅ መርጬ ከታች አራት ጣት ቀጠልኩለት። ስፌቱን ብትፈልጉት አታገኙትም፤ እንደዚያ አድርጌ ነው የሠራሁት። አጣጥፌ ቦርሳዋ ውስጥ መለስኩት። አንዲት ቃል አልነገርኳትም።

ጨርቁን የመረጥኩት በሱቄ መስኮት ብርሃን ነው። በዚያ ብርሃን ሁለቱም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ነበሩ። የስፖርት አዳራሹ መብራት ሥር ግን የኔ ቅጥያ አረንጓዴ ሆኖ ቁጭ አለ። ያ ሁሉ ተማሪ ሳቀ አሉ። ከተጋጣሚዎቿ አንዷ፣ ቀሚስሽን ሰብስቢ እንጂ ይጠልፍሻል አለቻት አሉ። አሉ የምለው እኔ ስላልነበርኩ ነው። ቤት ስትመጣ አላለቀሰችም። ቁምጣውን የስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጠችና፣ “እማ፣ ከእንግዲህ የኔን ነገር አትንኪ” አለችኝ። እኔም ቀለሙ ነው ጉድ የሠራኝ አልኩ፤ ለሰዉም ለራሴም ይህንኑ ስል ኖርኩ።

ከዚያ ወዲህ መቼ እንደምትጫወት ነግራኝ አታውቅም። ወደ ከተማው ሄደች፤ ተቀጥራ ለትልቅ ቡድን መጫወት ጀመረች። በወር አንዴ ትደውላለች። ደህና ነኝ፣ አንቺስ፣ ጉልበትሽስ ትለኛለች። ስለ ኳሱ ስጠይቃት ደህና ነው ትልና ወሬውን ትቀይረዋለች።

እንግዲህ የተመኘሁት ይህችን ነው። ከላይኛው ወንበር ተደብቄ፣ ሳታየኝ፣ ምንም ሳልነካ፣ ልጄ ስትጫወት አይቼ መመለስ። በሚቀጥለው ስትደውል መጥቼ ነበር፣ ምንም አላበላሸሁም እላታለሁ። ምናልባት ያኔ እሷው ራሷ ነዪ ትለኝ ይሆናል። በዚያ ላይ እህቴ፣ ፀጉር ሠሪ ስለሆነች የማታውቀው ወሬ የለም፣ ከስልኳ አንብባ በጆሮዬ ነገረችኝ። በዚህ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ልጅቷን ጨዋታውን ከሚጀምሩት አምስት መሀል አስገብተዋታል። ይህን ስሰማ የተሰማኝ ደስታ ይሁን ፍርሃት ለይቼ አላወቅኩትም።

የመጀመሪያው ሙዚየም ድንጋይና ሸክላ ነበር። እህቴ ከአንዱ የመስታወት ሣጥን ወደ ሌላው እየተንጎራደደች፣ “እትዬ፣ እኛ ስንሰብረው እንሰደባለን፣ እነሱ ሲሰበር መብራት ያበሩለታል” ስትል አስጎብኚው ሳይቀር ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ልቤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር።

ሁለተኛው የልብስ ሙዚየም ነው። በር ላይ ቦርሳችንን ፈትሸው መቀሴን ወሰዱና ቁጥር ሰጡኝ። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፤ ብርሃን ጨርቅ ይበላል፣ እኔም አውቃለሁ። ከክፍሉ ጥግ አንድ ቀሚስ ጭንቅላት የሌለው ምስል ለብሶት ቆሟል። መስታወት የለውም፤ በገመድ ብቻ ነው የታጠረው። ልጆቼ፣ እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ በዕድሜዬ አላየሁም። ወገቡ ላይ ያለውን ሽብሽብ የሰፋችው ሴት ዓይኗ ጠፍቶ መሆን አለበት። ዞር ብዬ ከኋላ ሳየው ግን የታችኛው እጥፋት አንድ ክንድ ያህል ሳይያዝ ቀርቷል፤ ከስፌቱ ማለቂያ ላይ አንድ ስንዝር ክር ተንጠልጥሏል።

በኛ ሙያ ክር ተንጠልጥሎበት ልብስ ከሱቅ ከወጣ አፍረት ነው። ሙሽራ መንገድ ላይ አስቁሜ ክር በጥርሴ ቆርጬ አውቃለሁ። የማላውቀውን የባንክ ሠራተኛ እጅጌ ይዤ፣ ይቅርታ ጌታዬ ብዬ ነክሼ አውቃለሁ። ያን ቀን ደግሞ ሐሳቤ አጠገቤ አልነበረም። በሐሳቤ አዳራሹ ውስጥ ነኝ፤ ልጄን አምስቱ መሀል ቆማ እያየኋት ነው። እጄ ብቻውን ሄደ። ገመዱን አልፌ ተንበረከክኩ፣ ክሩን ሳብ አድርጌ ነከስኩት።

የማስጠንቀቂያ ደወሉ ቤቱን ሁሉ አስጮኸው።

ጥበቃው እየሮጠ ሲመጣ ገና ተንበርክኬ ነበር። ወጣት ነው፤ ከተቆጣው የደነገጠው ይበልጣል። ምን አደረጉ እማማ ይለኛል። እኔ ክሩ ከንፈሬ ላይ ተጣብቆ፣ ተርፎ ነበር አልኩት። እህቴ በመሀል ገብታ፣ “ልማድ ነው ወንድሜ፣ እሷ ቤት ክር የተንጠለጠለበት ሰው ቁርስ አይሰጠውም” አለችው። ማንም አልሳቀላትም።

ነጭ ጓንት ያጠለቀች ቀጭን ሴት መጣች። የልብሱ ክፍል ኃላፊ ናት። ክሩን ከከንፈሬ ላይ በወረንጦ አነሳችና ወረቀት ላይ አስተኛችው። ብትጮህብኝ ምን ነበረበት፤ አልጮኸችም። ቀስ ብላ ነገረችኝ። ቀሚሱን ትሰፋ የነበረችው ሴት ሳትጨርሰው ሞታለች። ክሩ መርፌዋ የቆመበት ቦታ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ስንት እጅ ሲያልፍበት አንድም ሰው አልቆረጠውም። ሰው ከሩቅ የሚመጣውም ያንን ክር ሊያይ ነው አለችኝ። እኔም ልብስ ሰፊ እንደሆንኩ ልነግራት አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ምን ብዬ?

ወረቀት መሞላት አለበት ተባለ፤ ወረቀቱ ላይ ደግሞ የሚያውቀኝ የከተማው ነዋሪ መፈረም አለበት። እህቴ እንደኔው እንግዳ ናት። አስጎብኚው ራሱን እያከከ፣ እናቶቼ እኔም የመጣሁት ከናንተው ጋር ነው አለ፤ ሌሎቹን ይዞ ወደ ምሳ መሄድ ነበረበት። በከተማው ውስጥ የማውቀው ስልክ አንድ ብቻ ነው። እሱን አልሰጥም ብዬ አሻፈረኝ አልኩ። ዛሬ አይሆንም፣ ከፈለጋችሁ እዚሁ አሳድሩኝ አልኳቸው። ጥበቃው ለራሱ ከብዶት ነበር። መጨረሻ ላይ እህቴ ዓይኗን ከኔ መልሳ ቁጥሩን ነገረችው። እስካሁን አልተቀየምኳትም፤ ሌላ መንገድ አልነበረንም። ጥበቃው ደወለና፣ “እናትዎ እኛ ጋ ናቸው” ብሎ የሙዚየሙን ስም ተናገረ። ሌላ ነገር ሳይል መስመሩ ተቋረጠ።

ልጄ በቱታዋ መጣች፤ ፀጉሯ ርጥብ ነው። ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለለች ስትወጣ ከታች ጀምሮ ሰማኋት። ገብታ ትከሻዬን፣ ክንዴን፣ ፊቴን ዳበሰችኝ። ሞቻለሁ ብላ ነው የመጣችው። ምን ሆነሽ ነው አለችኝ። ኃላፊዋ ነገረቻት። ፊቷ ላይ የነበረው ድንጋጤ ወርዶ በቦታው ሌላ ነገር ሲቀመጥ ዓይኔ እያየ ነበር።

“ክሩን ነከስሽው” አለችኝ።

“አዎ።”

“ማንንም ሳትጠይቂ።”

ከዚያ በኋላ ያየችው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ብቻ ነው። ወረቀቱን የሚያጸድቀው አለቃ ምሳ ወጥቷል። ሦስታችን ኮሪደር ላይ በተደረደሩ ወንበሮች ተቀመጥን። ቡድኗ የሚሰበሰበው ሰባት ሰዓት ላይ ኖሯል። ሰባት ሆነ። ራቅ ብላ ሄዳ ደወለች፤ የሰማሁት የሷን በኩል ብቻ ነው። አዎ፣ አውቃለሁ፣ ሕጉን አውቃለሁ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ አይ፣ አልታመመችም። አልታመመችም ስትል ምነው ታምሜ በነበር አልኩ በልቤ። አለቃው የመጣው ስምንት ሊሆን ሲል ነው። እኔ ያደረግኩትን በራሴ ቃል በራሴ እጅ እንድጽፍ አደረገኝ፤ እሷ ከሥር ፈረመች። ክሩ ተመልሶ ይያያዛል፣ የተቆረጠ መሆኑ ግን ከልብሱ ጋር ለዘላለም ይጻፋል ተባልኩ።

በር ላይ ስንደርስ ጨዋታውን ልናይ እንደመጣን እህቴ ነገረቻት። ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። ልምጣ ወይስ ልቅር አልኳት።

“ትኬቱ ያለው አንቺ እጅ ነው” አለችና ሮጠች።

እኛ ስንደርስ ማኅበርተኞቻችን ላይኛው ረድፍ ላይ ተደርድረዋል። ወሬው ከኛ ቀድሞ ደርሷል፤ ልጅሽ የትኛዋ ናት እያሉ ከበቡኝ። አዳራሹ ሰፊ ነው። ኳሷ ወለሉን ስትመታ ከጆሮ ይልቅ ደረት ላይ ነው የምትሰማው፤ የጫማቸው ጩኸት እንደ አዲስ ጨርቅ ሲቀደድ ነው። አምስቱ በየስማቸው ተጠርተው ሲገቡ አንድ፣ ሁለት ብዬ ቆጠርኩ። እሷ የለችም። ተቀያሪዎቹ ወንበር መጨረሻ ላይ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጥላ ተቀምጣለች። ያችውላችሁ፣ የተቀመጠችው አልኳቸው። አንዷ ልታጽናናኝ፣ “ቁጭ ብላም ከቆሙት ትበልጣለች” አለች።

ከጎናችን የተቀመጠ ሰውዬ ለእህቴ አስረዳት። አሰልጣኙ አንድ ሕግ አለው፤ ሲሰበሰቡ ያልነበረች ማንም ትሁን ማን ወንበር ታሞቃለች። ጨዋታው በአራት ይከፈላል፤ የመጀመሪያው ሩብ አለቀ፣ ሁለተኛው አለቀ። ቡድኗ እየተመራ ነው። አሰልጣኙ ወደሷ ዞሮም አላየ። በሷ ቦታ የገባችው አጭር ልጅ ታዲያ እንደ እሳት ትንቦገቦጋለች፤ ሰው ያጨበጭብላታል። እኔ ጭብጨባው በጨመረ ቁጥር ልጄን ከአምስቱ መሀል ገፍቶ ሲያወጣት ይታየኛል።

እህቴ ጎኔን ጎሰመችኝ። “ውረጂና ንገሪው እንጂ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጅቷ እናቷን ልታወጣ ነው የቀረችው በይው። ሰው አይደለም እንዴ? እናት አልወለደችውም?”

ተነሳሁ። ደረጃውን መውረድ ጀመርኩ። የምናገረውን እያሰናዳሁ ነው፤ ጌታዬ ልጄ ጨዋ ናት፣ እኔ ነኝ ያሳሳትኳት። ወደ ሜዳው መከለያ ሦስት ደረጃ ሲቀረኝ ልጄ ዞረች። ራሷን አልነቀነቀችም፣ በእጇም አልከለከለችኝም። ዝም ብላ አየችኝ። ፎጣዋን ግን በሁለት እጇ ጨምቃ ይዛዋለች።

ልጆቼ፣ እዚያ ደረጃ ላይ የቆምኩት ምናልባት እስከ ዐሥር ቢቆጠር ነው፤ ዓመት ሆኖብኛል። ከወረድኩ ሊያስገባት ይችላል፤ በኔ ልመና ትገባለች። ካልወረድኩ በኔ ጥፋት እንደተቀመጠች ትቀራለች። እጄ ደግሞ ሊሠራ ይፈልጋል፤ የጎደለ ነገር አይቶ ማለፍ መቼ ለመደ። በመጨረሻ አጠገቤ የነበረ ባዶ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ሁለት እጆቼን ከጭኔ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩባቸው። ከላይ እህቴ ምን ነካሽ እያለች በእጇ ትጠይቀኛለች፤ ቀና ብዬ አላየኋትም።

በአራተኛው ሩብ አጭሯ ልጅ ቁርጭምጭሚቷ ተጠምዝዞ ወጣች። ሰባት ደቂቃ ይቀራል። አሰልጣኙ በጣቱ ጠራትና ልጄ ፎጣዋን ጥላ ገባች። የመጀመሪያዋን ኳስ ተነጠቀች። ቀጥላ ሁለቴ አገባች፤ አንዴ ደግሞ ኳሷን ከተጋጣሚዋ እጅ ላይ እንደ ዝንብ መታ አወረደቻት፤ አዳራሹ “መለሎ” ብሎ ሲጮህ ስሟን እዚህም እንደሚያውቁት ገባኝ። ከዚያ ግን ማንም ሳይነካት ብቻዋን ቆማ የምትወረውራቸው ሁለት ኳሶች ተሰጧት፤ ሁለቱንም ሳተች። ሊያልቅ ሲል ዳኛው ወደሷ እየጠቆመ ፊሽካ ነፋ፤ ኳሷ ለሌሎቹ ሆነች። በሦስት ነጥብ ተሸነፉ።

ስንወጣ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አስጎብኚው ሩብ ሰዓት ሰጠኝና ሌሎቹን ወደ አውቶቡሱ ነዳቸው። እኔ የተጫዋቾቹ በር ጋ ቆምኩ፤ እህቴ ራቅ ብላ ጠበቀችኝ። ጓደኞቿ ወጥተው አለቁ። በመጨረሻ ቦርሳዋን አንግታ መጣችና ሁለት እርምጃ ያህል ርቃ ቆመች።

“ለምን አልወረድሽም?”

“ልወርድ ነበር።”

“አየሁሽ እኮ። ደርሰሽ ነበር።”

“ደርሼ ነበር።”

“ብትወርጂ ኖሮ ስልኬን እቀይረው ነበር” አለች። ቀልድ ይሁን የምሯን አላወቅኩም፤ አልሳቀችም። ያችኛዋ ልጅ ቶሎ ከዳነች በሚቀጥለውም እኔ ተቀማጭ ነኝ፣ ዛሬ ጥሩ ተጫወተች አለችኝ። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት ይቅርታ ብቻውን ቀለለብኝ።

“ቁምጣውን” አልኳት። “ስድስት ዓመት ሙሉ ቀለሙ ነው ያሳተኝ ስል ኖሬያለሁ። ቀለሙ አይደለም። ቀለሙ ቢገጥምም ያው ነበር። አልጠየቅኩሽም።”

የጫማዋን ጫፍ መሬት ላይ ታሻለች። ዕንባ ጠብቄ ነበር፣ ወይ እቅፍ፤ ሁለቱም አልመጡም። አውቶቡሱ እየጠበቀኝ ስለነበር፣ በእውነት ያልገባኝን ነገር ጠየቅኳት። ያ ዳኛ መጨረሻ ላይ ለምን ነፋብሽ፣ እኔ ምንም ያደረግሽ አልመሰለኝም አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። “እውነት ማወቅ ፈልገሽ ነው?”

“ፈልጌ ነው።”

ቦርሳዋን አስቀመጠች። ትከሻዬን ይዛ አንድ እርምጃ ወደ ግራ አቆመችኝ። አንቺ ተከላካይ ነሽ፣ ቀድመሽ ቦታ ይዘሻል፣ ቦታሽን ከያዝሽ ደግሞ እኔ ነኝ መንገድ የምፈልገው፣ አንቺ ላይ ከመጣሁ ጥፋቱ የኔ ነው አለችኝ። በባዶ እጇ ኳስ እያነጠረች መጣችብኝ፤ ደረቴን በትከሻዋ ነካ አድርጋ አለፈች። ገባሽ አለችኝ። ልዋሻት ነበር። “አልገባኝም” አልኳት፣ “ድገሚልኝ።”

አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ። እህቴ ወደ ሾፌሩ ዞራ ጠብቅ እያለች እጇን ታወናጭፋለች። ልጄ ወደኋላ ተመልሳ ቦታዋን ያዘች፤ ከመጀመሪያው ይልቅ ራቅ ብላ።

“እሺ፣ ቁሚ” አለችኝ። “ምንም አታድርጊ፣ ዝም ብለሽ ቁሚልኝ።”

ቆምኩላት።